ደሴ ምን አለች?

እናቴ «አንቺ አዋላጇ ሳትደርስ የተወለድሽ ነሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ወረፋ አልወድም፤ ሻይ እስኪበርድ አልጠብቅም፤ ሰው ወሬ ሲጀምር መጨረሻውን ቀድሜ የምናገር ነኝ። እንዲህ ያለችውን ብርሀንነሽን እግዜር ምን አደረጋት? ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ባለች ጤና ጣቢያ ነርስ አድርጎ አስቀመጣትና ሥራዋን መጠበቅ አደረገው።

የምጠብቀው የደም ምርመራ ውጤት ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ተረከዛቸውን ወጋ አድርገን አምስት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ እናሳርፋለን። ወረቀቱ ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ መካነ ሰላም ይሄዳል፤ ከዚያ በአቀስታ በኩል ደሴ ይገባል። ደሴ ያለው ማሽን ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። የተቀረው ሁሉ መንገድ ነው፤ ጭቃ፣ ጎማ፣ ተራ መጠበቅ፣ የበዓል ቀን። እናትየዋ ግን መንገዱን አታየውም። የምታየው እኔን ስለሆነ የምትጠይቀውም እኔን ነው።

ዘሊካ የጠየቀችኝን ያህል ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ዘሊካ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ይህን ነገር ልጽፈው ነው ስላት «በይ ዘሊካ በይኝ፤ ሁሌ የምመኘው ስም ነው» አለችኝ። የባሏንም የአማቷንም ስም እሷው አወጣች። «የልጄን ግን አትንኪው» አለች። «በወሎ ቦረና በዚያ ስም የምትጠራ ልጅ ስንት አለች! ማን ይለያታል?»

ሰባት ዓመት ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ስትስቅ ከግቢው ውጭ የምትሰማ ሴት ናት። ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ያወቀችው ይህችን ልጅ አርግዛ ለክትትል ስትመጣ ነው። ያን ዕለት አለቀሰች፤ በማግስቱ መድኃኒቷን ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ባሏ ጀብሪል ያውቃል። ሌላ ማንም አያውቅም።

ከዚህች ልጅ በፊት ወንድ ልጅ ነበራቸው። ያኔ ሁለቱም አልተመረመሩም ነበር። ልጁ በአምስት ወሩ ታሞ ሞተ፤ ምን እንደ ወሰደው የነገራቸውም የለም።

«ለእሱ በሰባተኛው ቀን ስም አወጣንለት» አለችኝ ዘሊካ፣ የልጇን ተረከዝ በጥጥ እየጠረግሁ ሳለ። «በግ አረድን፣ ጎረቤቱን ጠራን። ዛሬ ያን ስም ሰው ሲጠራ ከሰማሁ መንገድ እቀይራለሁ። ይህችኛዋን፣ ወላሂ፣ ነጻ መሆኗን ሳላውቅ ስም አላወጣላትም። ጀብሪልም እሺ ብሏል።»

«እስከዚያ ምን ልትሏት ነው?»

«አማቴ ‹እንግዳዋ› ይሏታል። ‹እንግዳዋ ተኛች? እንግዳዋ ጠባች?› ይላሉ። ተናደዋል። ‹የሰው ልጅ ስም የሚጠብቀው እስከ መቼ ነው?› እያሉ ነው።»

አማቷ እማ ኡምኩልሱም መናደድ ሲያንሳቸው ነው። ለስም ማውጫው የተገዛው በግ ጓሮ ታስሮ ይበላል። መጀመሪያ ሣሩን በላ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ጎመን በላ፣ ከዚያ የታሰረበትን ገመድ ቆርጥሞ ገባና የእማን የመስገጃ ምንጣፍ ዘርፍ ጨረሰው። ዘሊካ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ወንበሩን ይዛ ነበር። «ሲስተር፣ ደሴ ቶሎ ካልተናገረች ይሄ በግ እኛን ያርደናል!»

በየሰኞው ትመጣለች። የክፍሌ ደጃፍ ሰው ስለማይጠፋበት በግልጽ አትጠይቀኝም። ብቅ ትልና፣ «ሲስተር፣ ደሴ ምን አለች?» ትለኛለች።

«ደሴ ዝም ብላለች።»

«አብሽሪ፣ ትናገራለች» ብላኝ ትሄዳለች። አስተዋላችሁ? እኔ ነበርኩ እሷን ማጽናናት ያለብኝ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ናሙናውን መካነ ሰላም የሚያደርሰውና ውጤት የሚቀበለው የላቦራቶሪ ባለሙያችን በፍቃዱ ነበር። በየማክሰኞው ይሄዳል፣ መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል። የዘሊካን ልጅ ናሙናም እሱ ነው ያደረሰው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጨቅይቷል፣ የፖስታው መኪና ይዘገያል። ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠራው ለሐረግ ደወልኩላት።

«ውጤታችሁ ነገ ይወጣል» አለችኝ።

«በቃ ፖስታውን አትጠብቂ!» አልኳት። «መካነ ሰላም የሚመላለስ አሕመድኑር የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አለ። ለበፍቃዱ ብለሽ ስጪው። አደራ በይው። ከበፍቃዱ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዪው!»

ስልኩ ተቋረጠ። መስማቷን አላወቅሁም። ወዲያው ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣችና ነገሩ ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ወጣ።

በዚያው ሳምንት በፍቃዱ ተዛወረ። ደብዳቤው ዓርብ ደረሰው፣ ሰኞ ዕቃውን ጭኖ አቀስታ ገባ። ናሙና ማመላለሱን የወረዳው ሞተረኛ ተረከበ። የዘገየው ፖስታ ሲመጣ የእኛ ውጤት የለበትም። ገና አልተሠራም ማለት ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰኞ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ዘሊካ ደጃፌ ስትደርስ አልሳቀችም።

«ሲስተር፣ ደሴ ምን አለች?»

«ዝም ብላለች።»

ቁጭ አለች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። አሥራ አንድ ሳምንት የሞላት ድንቡሽቡሽ ያለች ልጅ፣ እኔን አይታ ትስቃለች። «ሳቅ ጀምራለች» አለች ዘሊካ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስትስቅ ልጠራት አፌን እከፍታለሁ፣ የምጠራበት የለኝም። አንዳንዴ እንዲያው የሆነ ስም ምላሴ ላይ ይመጣል፤ ፈርቼ እውጠዋለሁ። ያኛውም በዚህ ጊዜው ይስቅ ነበር።»

ደሜ ፈላ። ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁና ደሴ ደወልኩ። ሐረግ ገና ሃሎ ሳትል ጮኽኩባት። «አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ አምስት ሳምንት! ሕፃን ናት እኮ!»

ሐረግ እስክጨርስ ጠበቀች። ሐረግ እንደኔ አይደለችም፤ ቀዝቃዛ ሴት ናት። «ብርሀንነሽ፣ የእናንተ ውጤት በደረሰ በአራተኛው ቀን አልቋል» አለችኝ። «አንቺው እንዳልሽው ለአሕመድኑር ሰጠሁት። አስምዪው አልሽኝ፣ አስማልኩት። ሃያ አራት ቀን ሆነው።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፍስሼ እንኳ መልቀሜን ረስቼ ነበር። ጉብታው ላይ ብቻዬን ቆሜ ፊቴ ጋለ። ወርጄ ለዘሊካ «ወረቀቱ ተገኝቷል፤ መካነ ሰላም አንድ ሾፌር ዘንድ ነው፤ ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ» አልኳት። እዚያ ማን እንዳስቀመጠው አልነገርኳትም። ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ስንደርስ አሕመድኑር ሚኒባሱን ወደ ደሴ እየጫነ ነበር። ጺሙን ሂና የቀባ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሃምሳ ያለፈው ሰው ነው።

«ጋሽ አሕመድኑር፣ አሰላሙ አለይኩም። ከደሴ የተላከ የጤና ጣቢያ ፖስታ እርስዎ ዘንድ አለ?»

«ወአለይኩም ሰላም። አለ እንጂ!» ፊቱ በራ። ከሸሚዙ ሥር፣ ከደረት ኪሱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በላስቲኩም ላይ በነጭ መሐረብ የታሰረ ነገር አወጣ። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም። «ይኸው። በፍቃዱ የታለ?»

«ተዛውሯል። እኔ የሥራ ባልደረባው ነኝ፤ ይስጡኝ።»

መሐረቡን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። ለበፍቃዱ ነው የተባልኩት። ሦስት ማክሰኞ እዚህ ቆሜ ጠበቅሁት። የጠየቅሁት ሁሉ ‹ማክሰኞ አይቀርም፣ ይመጣል› ይለኛል። ስልኩም አይነሳም። ይሄውልሽ፣ ስተኛ ትራሴ ሥር፣ ስነዳ ደረቴ ላይ ነው። ደሴና መካነ ሰላም ስንቴ እንደተመላለሰ አላህ ነው የሚያውቀው።»

መታወቂያዬን አወጣሁ። አየው፤ «ብርሀንነሽ ይላል እንጂ በፍቃዱ አይልም» አለኝ። የጤና ጣቢያውን ማኅተም አሳየሁት። «ያማረ ማኅተም ነው» አለኝ። በመጨረሻ በፍቃዱ ጋ ደወልኩ፤ አቀስታ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ በስንት መከራ ተነሳ። ስልኩን ለአሕመድኑር ሰጠሁት። በፍቃዱ ከስልኩ ውስጥ «ስጣት! ስጣት!» እያለ ሲጮህ እኔም እሰማዋለሁ።

አሕመድኑር ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ድምፅ ነው» አለ። «ድምፅ እጅ የለውም። የዛሬ አራት ዓመት አንዲት ልጅ ከጂዳ ለእናቷ የላከችውን የጆሮ ወርቅ በስልክ ድምፅ አምኜ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። እናትየው እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ አይሳፈሩም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በፍቃዱ አቀስታ ነው ያለው አይደል? መንገዴ ነው። ከፈለግሽ ግቢ፤ ሁለት ቦታ አለኝ።»

እዚያው ልፈነዳ ስል ዘሊካ ክንዴን ያዘችኝ። በሳቅ እየፈረሰች ነበር፤ ከአንድ ቀን በፊት እንባ ያቀረረች ሴት! «ሲስተር፣ በአላህ፣ እንግባ። ይሄን ሰውዬ ወድጄዋለሁ። ልጄን እንኳ አደራ ብለው የማይጥላት ሰው ነው።»

ገባን።

ሚኒባስ ውስጥ ምስጢር አይቆይም፤ ገና ከከተማው ሳንወጣ የአደራው ክርክር ተሳፋሪውን ሁሉ አዳረሰ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የጤና ጣቢያ ወረቀት መሆኑን ብቻ ነው። ግማሹ «ሹፌሩ ልክ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ማኅተም ካሳየችማ!» ይላል። አንዷ ወይዘሮ ቆሎ እያደለች ሁለቱንም ወገን ትደግፋለች። ልጅቷ ደግሞ ከጭን ወደ ጭን እየተላለፈች ከፊት እስከ ኋላ ወንበር ደረሰች። የተቀበላት ሁሉ «ስሟ ማን ነው?» ይላል።

«ገና መንገድ ላይ ነው» ትላለች ዘሊካ።

ሰው ይስቃል። እኔ መሳቅ አቅቶኝ በመስኮቱ ዝናብ የጠገበውን ገብስ አያለሁ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም። መድኃኒቷን አጥብቃ የወሰደች እናት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ሆና ነው የምትገኘው፤ ይህን ለዘሊካ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ለራሴ ስነግረው ግን አልሠራም።

ከፊት ወንበር ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ መኪናው ጸጥ አለ።

«ሹፌሩ ልክ ነው» አሉ። «ልጂቱም ልክ ናት። ያጠፋው ላኪው ነው። ሰው ይታመማል፣ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይዛወራል። ወንበሩ ግን ካለበት አይነሳም። የሥራ ወረቀት ለወንበሩ ይላካል እንጂ ለሰው ስም ይላካል? ማነው እሱ የቸኮለ?»

«እውነት ነው፣ ማነው?» አለ መኪናው በሙሉ።

እኔ ቆሎ አነቀኝ። ዘሊካ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አቀስታ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችን። በፍቃዱ መንገድ ዳር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል። አሕመድኑር ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ጫማውን አራገፈ።

«መታወቂያ» አለው።

«ጋሽ አሕመድኑር! ሁለት ዓመት ሙሉ የምታውቀኝ ሰው!»

«አውቅሃለሁ። ግን ምያለሁ።»

በፍቃዱ ከጋቢው ሥር መታወቂያውን ፈልጎ አወጣ። አሕመድኑር ስሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበና መሐረቡን ፈትቶ ፖስታውን በሁለት እጁ አስረከበው። በፍቃዱ ተቀበለ፣ ዞረ፣ ለእኔ ሰጠኝ። ሃያ አምስት ቀን የተጠበቀው እጅ ላይ የቆየው ለሁለት ሰኮንድ ነው። ተሳፋሪው አጨበጨበ። «አሁን ሻይ!» አለ አሕመድኑር፤ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ተሻገረ።

እኔና ዘሊካ የበፍቃዱን አዲሱን ክፍል ከፍተን ገባን፤ እሱ ውጭ ቆመልን። ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከመክፈቴ በፊት ግን መናገር ነበረብኝ።

«ዘሊካ፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። በበፍቃዱ ስም ያስላክሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ከፖስታው ጋር ቀድሞ ይደርስልሽ ነበር።»

«አውቄዋለሁ» አለች። «ሽማግሌው ሲናገሩ ጆሮሽ እንደ በርበሬ ቀላ። የቸኮልሽው ለእኔ ብለሽ ነው፤ ከእናቴ ወዲህ ለእኔ የቸኮለ ሰው አላውቅም። በይ አሁን ክፈቺው።»

ሰባት ወረቀት አለበት። ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። የልጅቷን ቁጥር በልቤ አውቀው ነበር፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት። ከዚያ አነበብኩ።

«ቫይረሱ አልተገኘባትም።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ግንባሯን ከልጇ ግንባር አጋጠመች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔም አብሬያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሙያ አያለቅስም ይባላል። የሚለው ሰው አቀስታ አልነበረም።

«ዘሊካ፣ መናገር ስላለብኝ ነው» አልኳት አፍንጫዬን ጠርጌ። «እያጠባሻት ስለሆነ በዘጠኝ ወሯ እንደገና እናያታለን፤ የመጨረሻው ደግሞ በዓመት ከስድስት ወሯ ነው። መድኃኒትሽን —»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር። አላቋርጥም። ዛሬን ብቻ ተይልኝ» አለችና ቀና አለች። ፊቷ እርጥብ ነው፣ ጥርሷ ግን በሙሉ ይታያል። «ደሴ ተናገረች!»

ስንወጣ ተሳፋሪው ሻዩን ጨርሶ መኪናው ዙሪያ ቆሟል። እኛ ወደ መካነ ሰላም የምንመለስበት ሌላ መኪና ልንጠብቅ ነው፣ እነሱ ወደ ደሴ ሊቀጥሉ ነው፤ ግን ማንም አልገባም። ያን ያህል የተከራከሩበትን ነገር ሳያውቁ እንዴት ይሂዱ?

«እኅቴ» አለች ቆሎ ያደለችው ወይዘሮ፣ የሁሉንም ጥያቄ ወክላ፤ «ያ ወረቀት ምን ነበር?»

እኔ ደነገጥኩ። ዘሊካ አልደነገጠችም።

«ስም ነው» አለች። «የልጄ ስም ነው የመጣው።»

«እሰይ! ማን ተባለች?»

ዘሊካ አፏን ከፈተች። ከዚያ ልጇን ወደ ላይ ከፍ አደረገቻትና፣ ከግቢ ውጭ በሚሰማው በዚያ ድምፅ፣ «ፊርደውስ!» አለች። «ፊርደውስ ጀብሪል!»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እኔም፣ በፍቃዱም፣ በጋራ አሚን አልን። አሕመድኑር ግን የመኪናውን በር ይዞ ፈዝዞ ቀርቷል።

«ያ አላህ» አለ። «ሃያ አምስት ቀን የሰው ልጅ ስም ደረቴ ላይ ይዤ ስዞር ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጤና ጣቢያ የሚወጣና የሚገባ ፖስታ ሁሉ ላዩ ላይ «ለተረኛው ባለሙያ» ይላል። ሽማግሌው እንዳሉት ለወንበሩ እንልካለን። ከቀሩት ስድስት ወረቀቶች አንዱ ሌላ ወሬ ይዞ ነበር። ያን ሕፃን በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄጄ መድኃኒት አስጀመርኩት፤ አሁን ወፍሯል፣ ደህና ነው። ሃያ አምስቱን ቀን ሳስብ ግን አሁንም ያመኛል። ስልክ አንስቼ «ቶሎ በሉ» ከማለቴ በፊት እስከ አሥር መቁጠር የጀመርኩት ለዚያ ልጅ ስል ነው። አንዳንዴ ሰባት ላይ ያመልጠኛል።

በጉ እሑድ ታረደ። እማ ኡምኩልሱም የመስገጃቸውን በቀል ተወጡ፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹም ሽሮና ጎመኑን ለብቻ አሠርተው ነበር። አሕመድኑር ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የክብር እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። ዘሊካ ፊርደውስን አመጣችና እጁ ላይ አኖረችለት። ያን ሰፊ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ትንፋሹን ይዞ አያት። እኔ መቼም መጠበቅ አልወድም፤ ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሽ አሕመድኑር፣ አሁን ለእኔ ይስጡኝ።»

ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠጋት።

«አይሆንም፣ ሲስተር» አለኝ። «ከእናቷ እጅ ነው የተቀበልኳት።»